ስማርት ስልክን በየሥራው ለይቶ በትንንሽ መሣሪያዎች መተካት፦ የሞከራችሁ ካላችሁ እንነጋገር

ጸጥታ_ወዳድ (ርዕሱን የከፈተ)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ?

ስማርት ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ሥራውን ለተለያዩ ትንንሽ መሣሪያዎች ካከፋፈልኩ ሰንበትበት ብሏል። ለመደወል ባለ ቁልፍ ስልክ፣ ጠዋት ለመንቃት የደወል ሰዓት፣ ለንባብ የኢ-መጽሐፍ ማንበቢያ፣ ለሙዚቃ ትንሽ ማጫወቻ፣ ለፎቶ ካሜራ፣ ለሐሳብ ደግሞ ደብተርና እስክሪብቶ። በዚህ ጉዳይ በአማርኛ ብዙ ሲወራ አላይም። ያየሁትን ላካፍላችሁ፣ የናንተንም ልስማ ብዬ ነው የከፈትኩት።

ስልክ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። አንድ መሣሪያ ሁሉንም ሲሠራ ግን አንዱ ሥራ ወደ ሌላው ይጎትታል። ሰዓት ልታይ ታነሳዋለህ፤ መልእክት ገብቷል። መልእክቱ ውስጥ ሊንክ አለ። ሊንኩ ቪዲዮ ይከፍታል። ቪዲዮው ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ስልኩን ስታስቀምጠው ሰዓቱን አላየኸውም። የእጅ ሰዓት ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ ነግሮህ ዝም ይላል። የምፈልገው ይኼንን ዝም ማለቱን ነው።

"ራስህን ግዛ፣ የፈቃድ ጉዳይ ነው" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። በከፊል ልክ ነው። ግን ከወዲያ ማዶ፣ አፕ በሚሠሩት ሰዎች በኩል፣ ምን እንደተሠራም ማየት ያስፈልጋል። ማለቂያ የሌለውን ስክሮል እ.ኤ.አ. በ2006 የፈጠረው አዛ ራስኪን የሚባል ዲዛይነር ነው። ኋላ ላይ ራሱ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። ድሮ ገጽ ሲያልቅ "ቀጣይ" የሚል ቁልፍ ነበር። እዚያ ጋ ሰው ቆም ይላል፤ "ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ?" ብሎ ያስባል። የተነሳው ያ መቆሚያ ነው። ግሎሪያ ማርክ የምትባል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሰዎች በሥራ ላይ ሆነው አንድ ስክሪን ላይ ምን ያህል እንደሚቆዩ ለዓመታት ለክታለች። እ.ኤ.አ. በ2004 በአማካይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነበር። በቅርብ ዓመታት ወደ 47 ሰከንድ ወርዷል።

ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በጥር 2007 የመጀመሪያውን አይፎን ሲያስተዋውቅ "ሦስት መሣሪያ ይዤ መጣሁ" ነበር ያለው፤ ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ስልክና የኢንተርኔት መገናኛ። ሰው ያጨበጨበው ሦስቱ አንድ መሆናቸው ሲገባው ነው። እኔ አሁን የማደርገው እነዚያን መልሶ መለያየት ነው።

ምን ተለወጠ? ትልቁ ለውጥ ንባቤ ላይ ነው። የኢ-መጽሐፍ ማንበቢያው ስክሪን ውስጥ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ። በውስጣቸው ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች ይንሳፈፋሉ፣ ኤሌክትሪኩ የትኛው ወደ ላይ እንደሚወጣ ይወስናል። ገጹ አንዴ ከተሣለ በኋላ ለመቆየት ኃይል አይፈልግም። ለዚህ ነው ባትሪው ሳምንታት የሚቆየው። ገጽ ስትገልጥ ስክሪኑ ብልጭ ይልና ፊደሉ ቀስ ብሎ ይሠፍራል። ይህ ዝግታው ብዙ ሰው የሚያማርርበት ነው፤ እኔ ግን የምወደው በዚሁ ነው። ቪዲዮ ላሳይህ ብሎ ሊያታልልህ አይችልም።

ሙዚቃም እንደዚያው። አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መስማት ተመልሶልኛል። ማጫወቻው ኪስ ውስጥ እንዳለ በጣት የሚዳሰስ ቁልፍ ስላለው አውጥቼ አላየውም።

እስቲ እናንተስ?

---

ኮድ_ከታቢ

ወንድሜ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ፣ ግን አልስማማም። ይኼን ሁሉ መሣሪያ መሸከም ለምን አስፈለገ? ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አይፎንም አንድሮይድም የአጠቃቀም ጊዜ መገደቢያ አላቸው። ኖቲፊኬሽኑን ዝጋ፣ ማኅበራዊ ሚዲያውን አጥፋ፣ ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ አድርገው። አለቀ። እኔ እንደዚያ አድርጌ በሰላም እየኖርኩ ነው። ቀለሙ ሲጠፋ ስልኩ ራሱ ያስጠላል።

---

ጸጥታ_ወዳድ

ኮድ_ከታቢ፣ ላንተ ከሠራ እሰየው። ለብዙ ሰው ከዚህ በላይ ላያስፈልግም ይችላል። መጀመሪያ መሞከር ያለበትም እሱ ነው፣ ምንም አያስወጣማ።

ችግሩ ገደቡን ያበጀኸውም የምታፈርሰውም አንተው መሆንህ ነው፤ ያውም እዚያው ስክሪን ላይ። ጊዜው ሲያልቅ "ለዛሬ እለፈው" የሚል ቁልፍ ከፊትህ ይመጣል። አንዴ መንካት ነው። ሲደክምህ፣ ሲከፋህ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲልህ ያንን ቁልፍ ነው የምትነካው። የደወል ሰዓት ላይ ግን የሚታለፍ ገደብ የለም። እዚያ ውስጥ ሌላ ነገር የለማ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን የተሠራ አንድ ጥናት ስልኩ ጠረጴዛ ላይ መኖሩ ብቻ፣ ጠፍቶም ቢሆን፣ የማሰብ አቅምን ይሻማል ብሎ ነበር። ሌላ ክፍል የተቀመጠላቸው ሰዎች ፈተናውን የተሻለ ሠሩ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ ግን ያንኑ ውጤት አላገኙም፣ ስለዚህ የመጨረሻ ቃል አድርጌ አላመጣውም። ከራሴ የማውቀው ግን ይኼን ነው፤ ስልኩ አጠገቤ ካለ፣ ላለማንሳት የማወጣው ጉልበት ራሱ ሥራ ይሆንብኛል።

---

የሁለት_ልጆች_እናት

በናታችሁ ለወላጆችም አስቡልን። የልጆቼ ትምህርት ቤት መልእክት ሁሉ የሚመጣው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። የቤት ሥራው፣ የስብሰባው፣ "ነገ ስፖርት ልብስ ይልበሱ" የሚለው ሁሉ። እናቴ ደግሞ ርቃ ነው የምትኖረው፣ በቪዲዮ ካላየችን ቅር ይላታል። ባለ ቁልፍ ስልክ ይዤ እነዚህን ከየት አመጣቸዋለሁ? ሐሳቡን በጣም ነው የምፈልገው፣ መንገዱ ነው የጠፋኝ።

---

ጸጥታ_ወዳድ

እህቴ፣ ስልኩን መጣል የለብሽም። ቦታ ስጪው። እኔ ስማርት ስልኩን ሲሙን አውጥቼ ቤት ውስጥ አንድ መደርደሪያ ላይ ነው ያስቀመጥኩት፤ ቻርጀሩም እዚያው ነው። በዋይፋይ ብቻ ይሠራል። ቴሌግራም፣ ቪዲዮ ጥሪ፣ ባንክ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ማየት ስፈልግ ሄጄ ቆሜ አያለሁ፣ ጨርሼ እመለሳለሁ። ወንበር አላስቀመጥኩም፣ ሆን ብዬ ነው።

እናትሽን ደግሞ በትልቅ ስክሪን፣ በታብሌት ወይም በላፕቶፕ፣ ሰዓት ተቀጣጥራችሁ ብትደውሉላት የበለጠ ደስ የሚላት ይመስለኛል። ልጆቹም አንድ ላይ ይታዩላታል። አስቸኳይ ነገር ካለ ደግሞ ሰው ይደውላል። ለአስተማሪዎቹም "ድንገተኛ ነገር ሲኖር በዚህ ቁጥር ደውሉልኝ" ብለሽ ንገሪያቸው።

---

የሁለት_ልጆች_እናት

የመደርደሪያው ነገር ገብቶኛል። እሞክረዋለሁ። ልጆቹም ከኔ የሚያዩት ስልክ ላይ ማፍጠጤን ነው መሰለኝ። ትንሹ ልጄ ሲያናግረኝ አገጬን ይዞ ፊቴን ወደሱ ያዞረዋል። ስልክ ላይ ስሆን ነው እንደዚያ የሚያደርገው።

---

የሬዲዮ_ጠጋኝ

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል። እኔ ዕድሜዬን በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ባለ ቁልፍ ስልክ ልትገዙ ካሰባችሁ አንድ ሁለት ነገር ልበላችሁ።

አንደኛ፣ ኔትወርኩን እዩ። ብዙ አገሮች 2ጂና 3ጂን እየዘጉ ነው። የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ 3ጂውን የዘጋው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ነው። የድሮዋን ኖኪያ 3310 የምትወዱ አላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣችው በ2ጂ ብቻ ነው የምትሠራው። በ2017 እንደገና ስትወጣም የመጀመሪያዋ እትም እንደዚያው ነበረች። 2ጂ በተዘጋበት ሁሉ ሁለቱም ከጌጥ አያልፉም። ስለዚህ 4ጂ ያለው፣ በተለይም በ4ጂ ላይ ድምፅ የሚያስተላልፍ፣ ቮልቲ የሚሉት ያለው መሆኑን አረጋግጡ። 4ጂ የሚል ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ ስላለ ብቻ ጥሪው በ4ጂ ይሄዳል ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ባትሪ። መሳቢያ ወይም መደርደሪያ ላይ የምትተዉትን ስማርት ስልክ ሙሉ በሙሉ ሞልታችሁም፣ ጨርሳችሁ ባዶ አድርጋችሁም አታስቀምጡ። ሊቲየም ባትሪ የሚወደው ግማሽ አካባቢ ነው። የስልኩ ጀርባ ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ ቻርጅ አታድርጉት። አትበሱት፣ አትጫኑት። ለባለሙያ ስጡት።

ለዚሁ ዓላማ ተብለው የሚሠሩም አሉ። ላይት ፎን የሚባለው የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2017፣ ሁለተኛው በ2019 ወጥቷል። ሁለተኛው ስክሪኑ ልክ እንደ ኢ-መጽሐፍ ማንበቢያው ነው። ውብ ነገር ነው። ግን ተራው ባለ ቁልፍ ስልክም መደወልና መልእክት መላክ ይችላል፣ ሲበላሽም ይጠገናል። ከሱ ብትጀምሩ ነው የምመክራችሁ።

---

ጸጥታ_ወዳድ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የቮልቲው ነገር ብዙ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም። እርስዎ ባይነግሩን ኖሮ ስንቱ ገዝቶ በተቸገረ ነበር።

---

ፊደል_አፍቃሪ

ጥያቄ አለኝ። የኢ-መጽሐፍ ማንበቢያ ላይ አማርኛ ይነበባል? ባለ ቁልፍ ስልክስ ላይ አማርኛ መልእክት ሲመጣ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ነው የሚያሳየው ሲሉ ሰምቻለሁ።

---

ገጽ_ገላጭ

እኔ ልመልስ፣ በዚህ ብዙ ስለተንገላታሁ።

ይነበባል፤ ግን እንደ ፋይሉ ዓይነት ነው። ፋይሉ ኢፐብ ከሆነ ጽሑፉ ከስክሪኑ ጋር ይተጣጠፋል፣ መጠኑን ማሳደግ ትችላለህ። ፊደሉ ሳጥን ሆኖ ከመጣ ችግሩ ፎንት፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል፣ ነው። ኪንድል የሚባለው የአማዞን ማንበቢያ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የራስህን ፎንት እንድትጭን ይፈቅዳል፤ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተህ ፎንት የሚለው ፎልደር ውስጥ ትገለብጠዋለህ። ኮቦ የሚባለው ማንበቢያም እንደዚያው ነው። አቢሲኒካ ወይም የኖቶ ግዕዝ ፎንት ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ከዚያ ቅንብሩ ውስጥ ገብተህ ፎንቱን መምረጥ አትርሳ።

ራስ ምታቱ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው። አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ በዲጂታል የሚዘዋወረው በዚህ መልክ ነው። እሱ የገጹ ፎቶ ነው፣ ፊደሉን ማሳደግ አይቻልም። ባለ ስድስት ኢንች ማንበቢያ ላይ ዓይን ያጠፋል። አግድም አዙረህ ግማሽ ግማሽ ገጽ ማንበብ ወይም ባለ አሥር ኢንች መግዛት ነው ያለው አማራጭ። እኔ ለነዚያ መጻሕፍት የታተመውን ነው የምገዛው። እውነቱን ለመናገር የታተመ መጽሐፍ ከሁሉም የበለጠ ባለ አንድ ሥራ መሣሪያ ነው።

ስለ መልእክቱ የሰማኸው እውነት ነው። ግዕዝ ፊደል የማይደግፉ ባለ ቁልፍ ስልኮች አሉ፤ ከመግዛትህ በፊት ከሌላ ስልክ የአማርኛ መልእክት አስልከህ ሞክረው። ስትጽፍም አንድ ነገር እወቅ። አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል። በግዕዝ ሲሆን ግን 70 ብቻ ነው፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይላካል። አሳጥሮ መጻፍ ወይ መደወል ይሻላል። እኔ መደወል ጀመርኩ፤ ከሰዎች ጋር የነበረኝ ነገር በዚያ ምክንያት ሞቅ አለ።

---

ቁልፍ_ያዥ

የደኅንነት ሥራ ላይ ነኝ። ስልክ ከመቀየራችሁ በፊት እባካችሁ ይህችን አንብቡ።

ኢሜላችሁና ሌሎች አካውንቶቻችሁ ሁለተኛ ማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቁ ከሆነ፣ ኮዱ ከየት እንደሚመጣ አንድ በአንድ እዩ። በአጭር መልእክት የሚመጣው ባለ ቁልፍ ስልኩ ላይም ይደርሳል። በአፕ የሚመነጨው ግን ያ አፕ የተጫነበትን ስልክ ይፈልጋል። ደስ የሚለው፣ ይኼ ኮድ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስልኩና አካውንቱ መጀመሪያ አንድ ሚስጥራዊ ቁጥር ይጋራሉ። ከዚያ በኋላ ኮዱ የሚሰላው ከዚያ ቁጥርና ከሰዓቱ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል። ስለዚህ መደርደሪያ ላይ ያለው ሲም የሌለው ስልክ ይበቃችኋል፣ ሰዓቱ ትክክል ይሁን እንጂ።

ከዚህ የተሻለው አካላዊ የደኅንነት ቁልፍ ነው፤ ዩቢኪና የመሳሰሉት። የቤት ቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ነገር ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታችሁ ትነኩታላችሁ። በአስመሳይ ድረ-ገጽ አይታለልም፣ ምክንያቱም የተመዘገበበትን ትክክለኛ አድራሻ ካላየ አይመልስም። ሁለት ግዙ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲኖር።

ከሁሉ በፊት ግን የመልሶ ማግኛ ኮዶቻችሁን፣ ሌላው መንገድ ሲጠፋ ወደ አካውንታችሁ የሚያስገቧችሁን፣ ወረቀት ላይ ጻፉና ደህና ቦታ አስቀምጡ። ስልክ ከቀየሩ በኋላ ከገዛ አካውንታቸው ውጭ ተቆልፎባቸው የሚመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። በጣም ያሳዝናል፤ የዓመታት ፎቶ የሚያጣ አለ።

---

ሌንስ_ጠራጊ

የካሜራውን ነገር ያነሳኸው ደስ ብሎኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም የካሜራ አምራቾች ከ121 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ልከው ነበር። አሁን በዓመት ከ10 ሚሊዮን ብዙም አይርቅም። ያ ሁሉ ካሜራ የት ሄደ? በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ዘመድ ጠይቁ፣ አዲስ አትግዙ።

ስታገኙት ሦስት ነገር እዩ። ቻርጀሩ አለ? ባትሪው አላበጠም? ካርዱስ ምን ዓይነት ነው? የድሮዎቹ ኦሊምፐስና ፉጂፊልም ኤክስዲ የሚባል ካርድ ነበራቸው፣ ዛሬ ማግኘቱ ፈተና ነው። ኤስዲ የሚቀበሉትም ቢሆኑ በጣም የቆዩት ከ2 ጊጋባይት በላይ አያነቡም። 32 ጊጋ ከታችሁ "ካርዱ አይሠራም" ቢል አትደንግጡ፣ ካርዱ ደህና ነው።

ጥራቱን በተመለከተ፣ ርካሽና ትንሽ ካሜራ ከዘመኑ ስልክ ይበልጣል ብዬ አልዋሽም። ስልኮች ፎቶውን በሶፍትዌር ያሳምሩታል። የካሜራው ጥቅም ሌላ ነው። ፎቶ ታነሳለህ፣ ታጠፋዋለህ፣ ወደ ሰዎቹ ትመለሳለህ። ማን ምን አለ፣ ስንት ሰው ወደደው የሚባል ነገር የለም። ሰዎቹም ካሜራ ሲያዩ ቀና ይላሉ፣ ፈገግ ይላሉ። ስልክ ሲያዩ ግን ፎቶ እያነሳህ ይሁን እያነበብክ አያውቁም።

---

እውነት_ልናገር

ቅር አይበላችሁና፣ እዚህ ውይይት ላይ ስንት የሚገዛ ዕቃ ተጠራ? ስልክ፣ ማንበቢያ፣ ማጫወቻ፣ ካሜራ፣ ሁለት የደኅንነት ቁልፍ። አንድ ሰው ከስክሪን ልላቀቅ ብሎ ተነስቶ ሌሊቱን ሙሉ የመሣሪያ ግምገማ ሲያነብ ያድራል። ያው ስክሪን ነው። አራት ቻርጀር፣ አራት ባትሪ፣ ኋላ ስድስት የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ። አቅም የሌለው ሰውስ ምን ያድርግ? በብዙ ቤት ያለው አንድ ስልክ ነው፤ እሱም መጽሐፉም፣ ሬዲዮውም፣ ባንኩም ነው።

---

ጸጥታ_ወዳድ

ትክክል ብለሃል፣ ይኼ መባል ነበረበት። አንድ ስልክ ብቻ ያለው ሰው ያንን ስልክ መያዙ ልክ ነው፣ ማንም ሊያሳፍረው አይገባም።

እኔ የምለው መሣሪያ ሰብስቡ አይደለም። ከስልኩ ላይ አንድ ሥራ አውርዱ ነው። አንድ ብቻ። ምረጡ ብትሉኝ ደወሉን እላለሁ። ስልኩ ደወል ከሆነ አልጋ አጠገብ ያድራል። አልጋ አጠገብ ካደረ ከእንቅልፍ በፊት የምታየው፣ ስትነቃም መጀመሪያ የምትነካው እሱ ነው። ተራ የደወል ሰዓት ገብቶ ስልኩ ሌላ ክፍል ሲያድር ሌሊቱም ጠዋቱም ይመለሱልሃል። ሌላ ምንም ባትቀይር ይኼ ይበቃል። ብዙ ቤት ውስጥ የቆመ የደወል ሰዓት አለ፣ ባትሪ ቀይሩለት።

ቀጥሎ ደብተር። ቻርጅ አይፈልግም።

---

መሪ_ጨባጭ

እኔ ሹፌር ነኝ። ካርታ ከሌለኝ እንጀራዬ የለም። ለኔ የሚሆን አለ?

---

ኮድ_ከታቢ

ወንድሜ ላንተ ልመልስ። አብዛኛው ሰው ካርታ ዳታ ይፈልጋል ብሎ ያስባል። ቦታህን የሚያውቀው ግን ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው፤ ስልኩ ተቀባይ ብቻ ነው፣ ሲምም ዳታም አያስፈልገውም። ዳታ የሚፈልገው የካርታው ሥዕልና የመንገድ መጨናነቁ ነው። ስለዚህ ሲም የሌለው አሮጌ ስልክ መኪናው ላይ አስረህ፣ ካርታውን ቤት በዋይፋይ ቀድመህ ብታወርደው እንደ መኪና ጂፒኤስ ያገለግልሃል። ሌላውን አፕ ሁሉ አጥፋበት። ሥራ የሚመጣልህ በአፕ ከሆነ ግን ስልክህን ያዝ፣ ዳታውም ያስፈልግሃል።

(ጸጥታ_ወዳድ፣ እኔም አሁን ባለ አንድ ሥራ መሣሪያ መከርኩ ማለት ነው። የአንተን ነገር ቅድም ካሰብኩት በላይ እያየሁት ነው።)

---

መሪ_ጨባጭ

ተባረክ። ይኼ ይሠራል።

---

ጠዋት_ተነሺ

ደወሉን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ባለ ቁልፍ ስልክም አለኝ። ጥያቄዬ ግን ቀላል ነው፤ ሲሜን ሳዘዋውር የተመዘገቡት ቁጥሮች እንዴት ነው አብረው የሚሻገሩት? ሲሜ ደግሞ ትንሿ ናት፣ የድሮው ስልክ ማስገቢያ ትልቅ ነው።

---

የሬዲዮ_ጠጋኝ

ልጄ፣ ቁጥሮችሽ ያሉት ስልኩ ወይም አካውንትሽ ላይ እንጂ ሲሙ ላይ ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ ስማርት ስልኩ ላይ የቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ ገብተሽ ወደ ሲም ቅጂ የሚል ካለው እሱን ተጠቀሚ። ሲም ብዙውን ጊዜ 250 አካባቢ ቁጥር ነው የሚይዘው፤ ረጅም ስምም ይቆርጣል። በአማርኛ የተጻፉት ስሞች ሳጥን ሊሆኑብሽ ስለሚችሉ የምትደውዪላቸውን ዋና ዋናዎቹን ለጥንቃቄ ደብተር ላይ ጻፊያቸው። የኔ ምክር ግን ዘወትር የምትደውዪላቸውን በእጅሽ መመዝገብ ነው፤ ያን ያህል ብዙ አይሆኑም።

ለትንሿ ሲም አዳፕተር የሚባል የፕላስቲክ ክፈፍ አለ። ሲሙን በደንብ አስተካክለሽ አስቀምጪበትና አንድ ላይ አስገቢ። ባዶውን አዳፕተር ግን በፍጹም እንዳታስገቢ። ሲወጣ ውስጥ ያሉትን የብረት ጥርሶች ይዞ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ስልኩ ጥገና ያስፈልገዋል።